እርዳታ አትበሉት፦ ከደቻቱ ዳር ለአየር ንብረት ተደራዳሪዎቻችን

ይድረስ በአየር ንብረት ድርድር ላይ ኢትዮጵያን ወክላችሁ ለምትቀመጡ ሁሉ፤

እንደምን ከረማችሁ? እኔ የድሬ ልጅ ነኝ። ያደግኩት ደቻቱ ወንዝ ዳር ነው። ከአሸዋው እስከ ቤታችን በር ሁለት መቶ እርምጃ አይሞላም። አያቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር። አባቴም እዚያው ጋራዥ ገብቶ፣ ፀጉሩ እስኪሸብት ብረት ሲበይድ ኖሮ ጡረታ ወጣ። እኔ የመብራት ሥራ ነው የምሠራው፣ ቤት ለቤት እየዞርኩ መስመር እዘረጋለሁ። ዲፕሎማት አይደለሁም፣ ግን ስለ አየር ንብረት የሚጻፍ ነገር ካገኘሁ ሳላነብ አልተኛም። ምክንያቱን ወረድ ብዬ እነግራችኋለሁ።

32ኛው የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ጉባኤ በ2020 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ይደረጋል። ይህ የተወሰነው እ.ኤ.አ. በ2025 ብራዚል፣ ቤለም ከተማ ላይ ነው። ዜናውን ለጎረቤታችን የነገርኳቸው ቡና ላይ ነበር። ሰፈሩ ሁሉ እማማ ነው የሚላቸው፣ እኔም እማማ እላቸዋለሁ። «እሰይ! እርዳታ ሊመጣ ነዋ» አሉኝ። እማማ በ1998ቱ ጎርፍ ሁለት ልጆቻቸውን አጥተዋል። ሲኒውን እንደያዝኩ ቀረሁ። ተጎጂዋ እሳቸው፣ ከፋይዋ እሳቸው፣ እጃቸውን ዘርግተው አመሰግናለሁ የሚሉትም እሳቸው። ከበደኝ።

ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት በዚያች አንዲት ቃል ምክንያት ነው። እማማ ቃሏን ከየትም አላመጧትም። ከሬዲዮ፣ ከቲቪ፣ ከስብሰባ ነው የሰሟት፣ ማለትም ከኛው ሰዎች። ስለዚህ የምለምናችሁ እናንተን ነው። ለአየር ንብረት ጉዳት የሚከፈለንን ገንዘብ እርዳታ አትበሉት። ዕዳ በሉት።

ስለዚያ ሌሊት ልንገራችሁ። ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ፣ 1998 ዓ.ም.። ደቻቱን የማያውቅ ሰው ወንዝ ሲባል የሚፈስ ውሃ ይመስለዋል። ደቻቱ ከዓመት እስከ ዓመት ማለት ይቻላል ደረቅ አሸዋ ነው። ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ ግመል ያልፍበታል፣ ሰው ከመጋላ ወደ ከዚራ ሲሻገር ጫማው ውስጥ አሸዋ ይገባበታል እንጂ እግሩ አይረጥብም። ማታ ስንተኛ ከጎናችን ወንዝ አለ ብለን አንተኛም ነበር። ውሃው የመጣው ሁሉም ሰው እንቅልፍ ላይ እያለ ነው። መጀመሪያ የሰማሁት ድምፅ ነው፣ ብዙ ከባድ መኪና ባንድ ላይ ዳገት ሲወጣ የሚሰማው ዓይነት። አባቴ ብድግ ብሎ «በዚህ ሰዓት ባቡር አለ እንዴ?» አለ። ባቡር አልነበረም። በሩን ሲከፍተው ውሃው ጉልበቱ ጋ ነበር፣ እኔን ከታናሽ እህቴ ጋር ጎትቶ ጎረቤት ፎቅ ላይ እስኪያወጣን ድረስ ደረቱ ደርሷል። ከዚያ በኋላ ያለውን መጻፍ ይከብደኛል። ጨለማ ነው። ሰው ይጣራል። የሚጣራው ድምፅ እየራቀ ይሄዳል፣ እየራቀ፣ ከዚያ አይሰማም። ሲነጋ እማማ በሌሊት ልብሳቸው አሸዋውን በእጃቸው እየቆፈሩ ነበር።

ከ200 በላይ ሰው ሞተ። ሬሳቸው ያልተገኘም አሉ። በሺዎች የሚቆጠር ሰው ቤቱን አጥቶ ድንኳን ገባ። እኔ ያኔ 17 ዓመቴ ነበር።

ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ አንድ ነገር ከነከነኝ። ያን ያህል ውሃ ያመጣው ዝናብ የዘነበው እኛ ላይ አልነበረም። ከኛ በላይ ደጋው ላይ ነው የዘነበው፣ ከደንገጎ ወዲያ። ከዚያ ቁልቁል ወርዶ እኛን ጠረገን። ታች ያለ ሰው ላይ ላለው ሲከፍል ማየት የጀመርኩት ያኔ ነው። ስለ ካርቦን ማንበብ ስጀምር፣ ነገሩ ወዲያው የገባኝ በደቻቱ በኩል ነው። ላይ የለቀቀው ሌላ፣ ታች የተጠረገው ሌላ።

አሁን አንድ ነገር ሳልደብቅ ልናገር። ያን ሌሊት ካርቦን ብቻውን አመጣው አልልም። ተራራው ተመንጥሯል። ሰው ወንዙ አፍ ላይ ቤት ሠርቷል፣ እኛም ጭምር። ያንን ማንም ፈረንጅ አላደረገብንም። የሐረማያ ሐይቅም እንደዚሁ ነው። በልጅነቴ ወደ ሐረር ስንወጣ መኪናው መስኮት ላይ ተንጠልጥዬ የማየው ሐይቅ፣ የሐረር ሰው የሚጠጣው ሐይቅ፣ በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ላይ ደርቆ ከብት የሚሰማራበት ሜዳ ሆነ። ጫት ለማጠጣት ያለልክ በሞተር ተሳበ፣ ደለልም ሞላው፣ ከተማውም ጠጣው። ሐረርም ከዚያ በኋላ ውሃዋን በቧንቧ ከኛ ቆላ፣ ከድሬ በኩል ሽቅብ ማስመጣት ግድ ሆነባት። ሐይቁ በአንዳንድ ዓመታት መልሶ ውሃ ቢይዝም የሆነውን ሁሉ በሙቀት አላመካኝም። እናንተም ስትደራደሩ እንደዚህ ያለውን አታሳብቡ። የኛን የኛ ስንል ነው የነሱን የነሱ ማለት የምንችለው።

የነሱ ደግሞ ትልቅ ነው።

ጭስ ወጥቶ የሚበተን፣ የሚያልቅ ነው የሚመስለን። ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንደዚያ አይደለም። አንዴ ከወጣ ከፊሉ ለመቶዎች ዓመታት፣ የተወሰነው ለሺዎች ዓመታት አየር ላይ ይቆያል። ከፋብሪካ ዘመን በፊት ከአንድ ሚሊዮን የአየር ሞለኪውል ውስጥ 280 ያህሉ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነበር፣ ዛሬ ከ420 አልፏል። እዚያ ላይ የተከመረው ያለፈው ዓመት ጭስ ብቻ አይደለም ማለት ነው። የእንግሊዝ የጥጥ ፋብሪካዎች፣ የጀርመን የብረት ማቅለጫዎች፣ የአሜሪካ መኪኖች ጭስ ዛሬም ከራሳችን በላይ አለ። ስለዚህ «ዘንድሮ ማን ምን ያህል አወጣ?» ብሎ ብቻ መጠየቅ፣ ሰውዬው ለ170 ዓመት በዱቤ ሲበላ ኖሮ የዛሬዋን ምሳ ብቻ አስቡልኝ እንደማለት ነው።

የተመዘገበው ሒሳብ ይኸውላችሁ። ከኢንዱስትሪው አብዮት ጀምሮ ከነዳጅ፣ ከድንጋይ ከሰልና ከሲሚንቶ ከወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሩብ ያህሉ የአሜሪካ ነው። የአውሮፓ ኅብረት አገራት በድምሩ 17 በመቶ አካባቢ ናቸው። አፍሪካ ከነሙሉ አገራቷ 3 በመቶ ገደማ ናት። የኢትዮጵያ ድርሻ የአንድ በመቶ አንድ አስረኛ እንኳ አይደርስም። አንድ አሜሪካዊ በአማካይ በዓመት ወደ 14 ቶን ያወጣል፣ አንድ ኢትዮጵያዊ ሩብ ቶን አይሞላም። እማማ ዓመቱን ሙሉ የሚያወጡትን እዚያ ያለ ሰው በአንድ ሳምንት ይጨርሰዋል። የኛ ከብትና የደን ምንጣሮ ሲታከል የኛም ቁጥር ከፍ እንደሚል አውቃለሁ፣ እሱንም ደብቁ አልልም። ግን ከፍ ብሎም ከነሱ ጋር አይነጻጸርም።

«አላወቅንም ነበር» የሚሉ አሉ። በከፊል እውነት ነው። ስቫንቴ አሬኒየስ የሚባል የስዊድን ሳይንቲስት አየር ላይ ያለው ካርቦን ሲበዛና ሲያንስ ምድር ምን ያህል እንደምትሞቅና እንደምትቀዘቅዝ አስልቶ ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1896 ነው። የዐድዋ ዓመት። አያቶቻችን ጦርና ጋሻ ይዘው ከዐድዋ ሲመለሱ፣ ይህ ስሌት አውሮፓ ውስጥ ተጽፎ ነበር። እሱ ራሱ ጉዳቱ አልታየውም፣ እንዲያውም ቅዝቃዜው ይቀንስልናል ብሎ ነበር የሚያስበው። ስለዚህ የድሮውን «አታውቁም ነበር» ብለን እንለፈው እንኳ ብንል፣ እ.ኤ.አ. በ1992 ሪዮ ላይ የዓለም አገራት የአየር ንብረት ስምምነቱን ሲፈርሙ ያላወቀ መንግሥት አልነበረም። ኃላፊነቱ የጋራ ግን የተለያየ ነው፣ ያደጉት ቀድመው ይምሩ የሚለውም እዚያው ሰነድ ላይ ሰፍሯል። እና ምን ሆነ? የሰው ልጅ ከነዳጅና ከከሰል ካወጣው ካርቦን ሁሉ ግማሽ ያህሉ የወጣው እ.ኤ.አ. ከ1990 ወዲህ ነው። ፈርመው፣ አውቀው፣ ቀጠሉ።

አንድ ሌላ ጥያቄ አለ፣ ይህኛው ከልብ የሚጠየቅ ስለሆነ ሳልመልስለት አላልፍም። ዛሬ ለንደን ውስጥ የተወለደ ሕፃን ቅድመ አያቱ ላቃጠለው ከሰል ምን ዕዳ አለበት?

ለዚህ ጥያቄ መልስ ፍለጋ ከድሬ መውጣት አያስፈልግም። እዚህ አካባቢ ሰው ሲሞት የሚከፍለው ገዳዩ ብቻ አይደለም። ሱማሌዎቹ መግ ይሉታል፣ ኦሮሞው ጉማ ይለዋል። አከፋፈሉ ይለያይ እንጂ መሠረቱ አንድ ነው፣ የሚያዋጣው ወገኑ ነው። እዚያ ያልነበረውም፣ ነገሩን ያልሰማውም፣ ሌላ አገር ያለውም ድርሻውን ያመጣል። የኢሳዎቹ የባህል ሕግ፣ ሄር ኢሴ የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ2024 በዩኔስኮ የማይዳሰስ ባህላዊ ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል፣ ኢትዮጵያ፣ ጅቡቲና ሶማሊያ በጋራ ያስመዘገቡት ነው። ዛፍ ሥር ተቀምጠው የሚፈርዱት ሽማግሌዎች «አንተ በግልህ ምን አደረግህ?» ብለው እያንዳንዱን አይጠይቁም። የሚጠይቁት ምን ጠፋ፣ ከየትኛው ወገን እጅ ጠፋ፣ ምን ይተካው ነው። ምክንያቱ ደግሞ ግልጽ ነው። የአባቱን ግመል የወረሰ የአባቱንም ዕዳ ይወርሳል። የለንደኑ ሕፃን በተወለደበት ሆስፒታል፣ በሚሄድበት ባቡር፣ በሚማርበት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያ ከሰል አለ። ሀብቱ ከተወረሰ ዕዳው ብቻውን የት ይቀራል?

ሕፃኑን ወንጀለኛ ነው እያልኩ አይደለም። ጉማ ወንጀለኛ ለመፈለግ አይደለም የሚከፈለው። ሁለቱ ወገኖች ነገ አንድ ውሃ ላይ መገናኘት እንዲችሉ ነው።

ጉማ ላይ ደግሞ ብድር የሚባል ነገር የለም። የገዳይ ወገን ለሟች ቤተሰብ «ግመሎቹን እንኩ፣ በአምስት ዓመት ከነወለዱ ትመልሱልናላችሁ» ሲል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አልሰማሁም። የአየር ንብረቱ ገንዘብ ግን እንደዚያ ነው የሚመጣው። እ.ኤ.አ. በ2009 ኮፐንሃገን ላይ፣ መለስ ዜናዊ አፍሪካን ወክለው በተቀመጡበት ጉባኤ፣ ያደጉት አገራት እስከ 2020 ድረስ በዓመት 100 ቢሊዮን ዶላር እናሰባስባለን አሉ። በራሳቸው ቆጠራ እንኳ ደረስንበት ያሉት በ2022 ነው፣ ሁለት ዓመት ዘግይተው። ከመንግሥታቱና ከልማት ባንኮች ከመጣው ውስጥ ደግሞ አብዛኛው ብድር ነው። እንደገና አንብቡት እባካችሁ። ብድር። ሰውዬው ቤቴን በጎርፍ አፍርሶ፣ ቤቱን መልሼ ልሥራበት ዘንድ ከነወለዱ ያበድረኛል፣ ከዚያ ያበደረኝን «ካሳ ከፈልኩ» ብሎ ይመዘግበዋል።

ይህ ነገር እንቅልፍ ይነሳኛል።

እ.ኤ.አ. በ2024 ባኩ ላይ ደግሞ አዲስ ቁጥር ወጣ፣ እስከ 2035 በዓመት 300 ቢሊዮን ዶላር። ታዳጊዎቹ አገራት የጠየቁት 1.3 ትሪሊዮን ነበር። ከ300ውም ውስጥ ምን ያህሉ ስጦታ፣ ምን ያህሉ ብድር እንደሚሆን ቁርጡ አልተቀመጠም። አዲስ አበባ ላይ ይህ ካልተቆረጠ የት ይቆረጣል?

ስለ ኪሳራና ጉዳት ፈንዱ ደግሞ ልበል። ትንንሾቹ የደሴት አገራት የባሕር ውሃ እየወጣብን ነው፣ ለሚጠፋው ነገር የሚከፈልበት መንገድ ይኑር ብለው መጮህ የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1991 ነው። ፈንዱ እንዲቋቋም የተስማሙት በ2022 ሻርም አል ሼክ ላይ ነው። 31 ዓመት። በቀጣዩ ዓመት ዱባይ ላይ ሥራ ሲጀምር የተገባለት ቃል በሙሉ 700 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር፣ ለዓለም ሁሉ። የሩቡ ባለዕዳ አሜሪካ ቃል የገባችው 17.5 ሚሊዮን ነው። በ2025 ደግሞ ከፓሪሱ የአየር ንብረት ስምምነት እወጣለሁ አለች፣ ከፈንዱ ቦርድም ወጣች።

ቻይናስ? ትሉኝ ይሆናል፣ እነሱም ይሏችኋል። ቻይና ዛሬ በዓመት ከማንም በላይ ታወጣለች፣ ከተጠራቀመውም 15 በመቶ ገደማ የሷ ነው። እንደ ድርሻዋ ትክፈል። መንገድና ባቡር ስለሠራችልን ብለን ዝም ማለት የለብንም። ግን ደግሞ የቻይና ዕዳ የአሜሪካንና የአውሮፓን ዕዳ አይሰርዝም። ሁለት ሰው ተበድሮ አንደኛው «እሱ ይክፈል መጀመሪያ» ቢል አበዳሪው ምን ይበላል?

እስቲ ወደ ሰፈሬ ልመለስ። የድሬ ሙቀት አዲስ ነገር አይደለም፣ ሙቀት ላይ ነው የተወለድነው። በልጅነቴ ማታ አልጋችንን ግቢ አውጥተን፣ ሽርጣችንን ታጥቀን ነበር የምንተኛው፣ ሌሊት ላይ ንፋስ መጥቶ አንሶላ ያስፈልገን ነበር። አሁን እናቴ ሌሊቱን ሙሉ ስትገላበጥ ነው የምታድረው። ደንበኞቼም መጀመሪያ የሚያስገጥሙኝ ቬንትሌተር ሆኗል። ቬንትሌተር የሌለው ያው አይተኛም።

ከሙቀቱ ጋር ትንኟ መጣች። እ.ኤ.አ. በ2013 ኢትዮጵያ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የተረጋገጠው የደንጊ ወረርሽኝ የተነሳው ድሬዳዋ ውስጥ ነው። በ2011 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ ደግሞ ቺኩንጉንያ ገባ፣ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ታመመ። እኛ ቤት አራታችንም ባንድ ሳምንት ወደቅን። መገጣጠሚያዬ ይዞኝ ፒንሳ መጨበጥ አቅቶኝ ወር ያህል ሥራ ፈትቻለሁ። ይህም ሳይበቃ፣ ከእስያ የመጣች፣ ከተማ ውስጥ በውሃ በርሜልና ታንከር ላይ የምትራባ የወባ ትንኝ እዚህ ገብታለች፣ እ.ኤ.አ. በ2022 የወባ ወረርሽኝ በበጋ አስነስታለች። እዚህም ላይ ሁሉንም ለካርቦን አልሰጥም። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ በርሜል እንሞላለን፣ ትንኟ በርሜሉ ላይ ትራባለች። ግን ምድር እየሞቀ በሄደ ቁጥር ለሷ የሚመቻት ወር ይረዝማል። ለክሎሪን፣ ለአጎበር፣ ለመርፌ የሚወጣው ገንዘብ ከኛ ኪስ ነው።

ከከተማው ወጣ ብላችሁ ወደ ሽንሌ ብትሄዱ ደግሞ ድርቅ አለ። እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ እስከ 2022 መጨረሻ በአፍሪካ ቀንድ ብዙ ቦታ አምስት የዝናብ ወቅት በተከታታይ ከሽፏል። የአየር ሁኔታን ከሙቀት መጨመር ጋር የሚያገናኙ ሳይንቲስቶች አጥንተው፣ እንዲህ ያለው ድርቅ የመከሰት ዕድሉ በሰው ሠራሹ ሙቀት የተነሳ ወደ 100 እጥፍ ጨምሯል ብለዋል። ስለዚህኛው ግን «ምናልባት» ማለት አያስፈልግም። ፍየሎቹ ያለቁበት አርብቶ አደር መኪና የለውም፣ ፋብሪካ የለውም፣ ብዙዎቹ ቤት መብራት እንኳ የለም። ይህን የምለው የመብራት ሠራተኛ ሆኜ ነው።

ባቡሩንም ላንሳ፣ የአያቴ ልጅ ልጅ ነኝና። ድሬዳዋን የወለዳት ባቡር ነው። የፈረንሳዮቹ መስመር ከጅቡቲ ተነስቶ እ.ኤ.አ. በ1902 መጨረሻ እዚህ ሲደርስ፣ ወደ ሐረር ተራራው አላስወጣ ስላለ ነው ከተማችን ከሥሩ የተቆረቆረችው። አዲስ ሐረር ነበር የምትባለው። አያቴ የሠራበት ባቡር በእንፋሎት የሚሄድ ነበር። ስለዚህ ያ ዘመን ለኛም ምንም አልሰጠም አልልም፣ ባቡሩ ባይመጣ እኔም አልኖርም። ሲሚንቶ ፋብሪካም አለን፣ ከአገሪቱ የመጀመሪያው፣ አቧራውን እናውቀዋለን። ግን ልዩነቱን እዩት። ዛሬ ከአዲስ አበባ ጅቡቲ የሚሄደው አዲሱ ባቡር በኤሌክትሪክ ነው የሚሄደው፣ መብራታችን ደግሞ በአብዛኛው ከውሃ ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 መንግሥት በነዳጅ የሚሄድ የቤት መኪና እንዳይገባ ከልክሏል። እነሱ ሀብታም ሆነው ያልጨረሱትን እኛ ድሃ ሆነን ጀምረናል። ዋጋውንም በውጭ ምንዛሬ እየከፈልን ነው። ይህንን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጡት። የምንጠይቀው እጃችንን አጣጥፈን ተቀምጠን አይደለም።

አንድ አዲስ መሣሪያ ደግሞ እጃችሁ ገብቷል። እ.ኤ.አ. በ2019 የፓሲፊክ ደሴቶች የሕግ ተማሪዎች፣ ገና ዩኒቨርሲቲ ያልጨረሱ ልጆች፣ ነገሩ ወደ ዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት ይሂድ ብለው ተነሱ። ቫኑዋቱ ያዘችላቸው። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ጥያቄውን ላከው። ሐምሌ 16 ቀን 2017 ዓ.ም. የሄጉ ፍርድ ቤት ዳኞች በሙሉ ድምፅ አስተያየታቸውን ሰጡ። መንግሥታት የአየር ንብረቱን ከጉዳት የመጠበቅ ሕጋዊ ግዴታ አለባቸው፣ ግዴታውን የጣሰ፣ ጥሰቱና ጉዳቱ መያያዛቸው ከታየ፣ ሙሉ ካሳ እስከ መክፈል ሊደርስ ይችላል። አስገዳጅ ፍርድ እንዳልሆነ ገብቶኛል፣ የምክር አስተያየት ነው። ቢሆንም ካሳ የሚለው ቃል ከእንግዲህ የድሃ አገር ልቅሶ አይደለም፣ የሄግ ዳኞችም ጽፈውታል። እነሱ የጻፉትን እኛ ለምን እርዳታ እንለዋለን?

አሁን ወደናንተ ልምጣ፣ ትንሽ ብቆጣም ይቅር በሉኝ። ዕዳ ነው ብለን ስንጠይቅ፣ የተከፈለንን የት እንዳደረግን መናገር አለብን። እስከዛሬ በአየር ንብረት ስም ወደ አገራችን የገባው ገንዘብ ስንት ነው? ስንቱ ብድር ነው፣ ስንቱ ስጦታ? ከዚያ ውስጥ ድሬ ስንት ደረሳት? እኔ ቀበሌያችን ሰሌዳ ላይ የውሃ ፈረቃ ተለጥፎ አያለሁ፣ የእድር ስብሰባ ተለጥፎ አያለሁ፣ ይህንን ግን ለጥፎ የሚያሳይ አላየሁም። በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሱማሊኛ ተጽፎ ይለጠፍ። እማማ አያነቡም፣ የልጅ ልጃቸው ታነብላቸዋለች። ከጎርፉ በኋላ ደቻቱ ዳር ግንብ ተሠርቷል፣ ጥሩ ነው፣ ክረምት በመጣ ቁጥር እያየነው እንረጋጋለን። ከግንቡ በላይ ግን ተራራው አሁንም ራቁቱን ነው። ካሳ ሲመጣ መጀመሪያ እዚያ ተራራ ላይ ይውጣ። ችግኝ መትከል ብቻ አይደለም የምለው፣ የተተከለው እስኪጸድቅ የሚጠብቀውና የሚያጠጣው የደጋ ገበሬ ይከፈለው። እሱ ላይ ያልያዘው ውሃ እኛ ጋ ይወርዳል።

የመጨረሻው ጥያቄዬ ይህ ነው። ጉባኤው ሲደርስ እንግዶቹን አዳራሽ ውስጥ ብቻ አታስቀምጧቸው። ባቡር አሳፍሯቸውና ድሬ ድረስ አምጧቸው። አዲሱ ጣቢያ ከከተማው ወጣ ያለ ነው፣ ከዚያ መኪና ይያዙና ወደ ደቻቱ ድልድይ ይምጡ። ቢቻል ከሰዓት በኋላ ሳይሆን ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ይሁን፣ ልጆች አሸዋው ላይ ኳስ የሚጫወቱት ያኔ ነው። ድልድዩ ላይ ያቁሟቸው። ወደ ላይ፣ ወደ ደንገጎ በኩል ይዩ። ከዚያ ወደ ታች ይዩ።

ከድልድዩ ቤታችን ቅርብ ነው። እማማን ቀድሜ እነግራቸዋለሁ፣ ቡና ያፈላሉ፣ እንግዳ ይወዳሉ። ልጆቹን ሲጠይቋቸው ስማቸውን ይነግሯቸዋል። አስተርጓሚ ይዛችሁ ኑ። ያ አስተርጓሚ ደግሞ እማማ «ምን ልትሰጡን መጣችሁ?» ካሉ፣ እባካችሁ፣ ቃሉን በትክክል ያስተርጉመው።

አክባሪያችሁ፣
የደቻቱ ዳር ልጅ
ድሬዳዋ